የአየር ንብረት ለውጥና የከተማ ድሃ፤ ከደቻቱ ወንዝ የሚገኝ ትምህርት

(በዕርዳታና በመልሶ ማቋቋም ሥራ ለተሠማሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)

ድርቅ የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር በአእምሮ የሚታየው የተሰነጣጠቀ ማሳ፣ አጥንቱ የቀረ ከብትና እህል ከሚታደልበት ጣቢያ ደጃፍ የተሰለፈ የገጠር ሕዝብ ነው። ይህ ሥዕል ያለ ምክንያት የተፈጠረ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው እልቂት፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የአገሪቱን ሰሜናዊ ክፍል የመታው ረኀብ የዕርዳታ ሥራን መልክና ትርጉም ቀርጸውታል። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽንም በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓይኑን የተከለው በአራሹና በአርብቶ አደሩ ላይ ነበር፤ ተገቢም ነበር።

ይሁን እንጂ ዝናብ ሲጠፋም ሆነ ከልኩ ሲያልፍ የሚጎዳው የገጠሩ ሰው ብቻ አይደለም። በከተማም በወንዝ ዳርና በገደል አፋፍ ጎጆውን ቀልሶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ፣ የጉሊት ነጋዴ፣ ጋሪ ነጂና ልብስ አጣቢ አለ። ይህ ሰው ከሁለት ወገን ይመታል። ገጠሩ ሲደርቅ የእህል ዋጋ ይንርበታል፤ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ቤቱ ይወሰድበታል። በዕርዳታ መዝገብ ላይ ግን ስሙ የሚሰፍረው ብዙውን ጊዜ ከሞተ ወይም ከተፈናቀለ በኋላ ነው።

የዚህ ንግግር መልእክት አንድ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ በከተማ ድሃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚለካው በወረደው የዝናብ መጠን ብቻ ሳይሆን ድሃው ሊኖርበት በተገደደው ቦታ ጭምር ነው። ስለሆነም ሰውን ከአደጋ ቦታ ማንሣት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ እንጀራውንም አብሮ ማንሣት ያስፈልጋል። ለዚህ አባባል ከድሬዳዋ ከተማና ከደቻቱ ወንዝ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያዳግታል።

የአሸዋው ወንዝ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ስትገኝ፣ በደቡብ በኩል ከ2,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የሐረርጌ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞባታል። ደቻቱ ከዚህ ደጋ ወርዶ ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው።

ወንዝ ይባል እንጂ በዓመቱ አብዛኛው ቀን ውሃ አይታይበትም። ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው እግሩ አይርስም። በአሸዋው ላይ ገበያ ይቆማል፤ ከብት ይነዳል፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ለግንባታ የሚሆን አሸዋ እየተዛቀ ይጫናል። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ይህ ደረቅ የወንዝ መውረጃ እንደ እርሻ መሬት የሚቆጠር የዕለት እንጀራ መገኛ ነው።

ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ በወረደ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተራራው ቁልቁለት ነው፤ ደኑ ተመናምኗል፤ አፈሩም በየቦታው ታጥቦ ዐለቱ ገጦ ቀርቷል። ውሃው ወደ መሬት ለመሥረግ ፋታ ስለማያገኝ ከየሸለቆው እየተጠራቀመ፣ አፈርና ድንጋይ እየጠራረገ በአጭር ጊዜ ከከተማዋ ይደርሳል። ደራሽ ጎርፍ የሚባለው ይኸው ነው። በከተማዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። የአደጋውም ተንኮል እዚህ ላይ ነው፤ በሜዳው ላይ ያለ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን በማየት ብቻ የሚመጣበትን ሊያውቅ አይችልም።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ፣ ደቻቱ ሞልቶ ከመውረጃው ወጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 የማያንሱ ሌሎች ደብዛቸው ጠፋ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከመኖሪያው ተፈናቀለ። ብዙም ሳይቆይ በደቡብ ኦሞ ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከብቶችንም ጠራርጎ ወሰደ። በድርቅ ስሟ የተነሣ አገር በአንድ ክረምት በውሃ ብዛት ይህን ያህል ሕዝብ አጣች።

ይህ አንድ ጎርፍ የአየር ንብረት ለውጥ ውጤት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ደቻቱ ከዚያ በፊትም ሞልቶ ያውቃል። ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ እንዲህ ያለው ጎርፍ ብርቅ ሆኖ የሚቆይበት ዘመን እያለፈ ነው።

ድሃው በወንዝ ዳር የሚሰፍረው ለምንድን ነው?

በወንዝ ዳር የሚሰፍር ሰው አደጋውን ባለማወቁ ነው የሚል አስተያየት በየስብሰባው ይሰማል። ይህ አስተያየት ከእውነት የራቀ ነው። በደቻቱ ዳር ለዓመታት የኖረ ሰው የወንዙን ጠባይ ከማንም ይልቅ ያውቃል። እንዲያ የሚያደርገው ሒሳብ አስልቶ ነው። ጎርፍ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ረኀብ ግን በየቀኑ ነው።

ለምሳሌ ያህል በአሸዋው ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ዘርግታ የምትቸረችርን አንዲት እናት መውሰድ ይቻላል። ወንዙ ዳር ባለች የጭቃ ክፍል የምትከራየው፣ ሲነጋ ወደ ገበያው በእግሯ ለመውረድ፣ ሕፃን ልጇን ለጎረቤት ትታ በየመካከሉ ብቅ ብላ ለማየት፣ የተረፈውን ሸቀጥ ሲመሽ ያለ ተሸካሚ ለመመለስ ነው። ኪራዩ ርካሽ የሆነው ቦታው አደገኛ ስለሆነ ነው፤ ርካሽ በመሆኑም የእርሷ ብጤ ሁሉ ተሰብስቦበታል። ከገበያው ሩቅ የሆነ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ቤት ቢሰጣት የቀን ትርፏ ለባጃጅ ይሄዳል። ቤቱ የተሻለ ሆኖ ኑሮዋ ግን የባሰ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ድርቅ ራሱ ሕዝብን ወደ ወንዝ ዳር የሚገፋ ኃይል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት ዝናብ በታጣ ጊዜ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። ከድሬዳዋ በስተሰሜን በሚገኘው የሲቲ ዞን ብዙ አርብቶ አደር ከብቱ አልቆበታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደግሞ በአፍሪካ ቀንድ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከልክ በታች ሆነው አለፉ። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደርና እርሻው የከዳው ገበሬ ከተማ ሲገባ ደህና ቦታ ሁሉ ቀደም ብሎ ተይዟል። የሚቀረው ሌላው ሰው የሸሸው ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የገጠሩ ድርቅ ተፈናቃይና የከተማው ጎርፍ ተጎጂ የተለያዩ ሰዎች አይደሉም። አንዱ ሰው በተለያየ ዓመት በሁለት መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው።

ሙቀት፣ ውሃና ትንኝ

የዓለም የሙቀት መጠን ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ጋር ሲነጻጸር እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት በአማካይ 1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጨምሯል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው እንፋሎት 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህም ማለት ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ዘርገፍ ብሎ ይወርዳል፤ በማይመጣበት ጊዜ ደግሞ መሬቱ ፈጥኖ ይደርቃል። ድርቅና ጎርፍ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ዓመት የሚገናኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ጉዳቱ ክፍፍል በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የአየር ንብረት ለውጥ የባለሙያዎች ጉባኤ በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት በግልጽ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት በጎርፍ፣ በድርቅና በአውሎ ነፋስ የሞቱት ሰዎች ብዛት ለአደጋ እጅግ በተጋለጡ አካባቢዎች፣ ተጋላጭነታቸው በጣም ዝቅተኛ ከሆኑት ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ ነበር። ዝናብ በሁሉም ላይ ይዘንባል፤ ሞት ግን በአንድ በኩል ይበዛል።

የከተማ ድሃ የሚጋፈጠው ጎርፍን ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ በተፈጥሮዋ ሞቃት ከተማ ናት። በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ውስጥ ስድስትና ሰባት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ ሙቀቱን የሚያስታግስበት መንገድ የለውም። በቀን ደንጋይ የሚፈልጠው፣ ሸክም የሚያወጣውና የሚያወርደው ሠራተኛ በሙቀት ምክንያት ሥራውን ቢያቋርጥ የዚያን ቀን ደመወዝ አያገኝም። ሙቀት እንደ ጎርፍ ድምፅ አያሰማም፤ የወሰደውን ሰው ቁጥርም የሚመዘግብ የለም።

ውሃን በተመለከተም ከተማዋ በአመዛኙ የምትጠጣው ሳቢያን በሚባለው አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶችና ከሌሎችም የከርሰ ምድር ምንጮች ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው በመጣ ጊዜ በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማል። ብልህነት ነው። ነገር ግን ይኸው ብልህነት ሌላ ጠላት ጠራ።

አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ የደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነዋሪ ነበረች። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ በቀብሪ ደሃር ከተማ ተገኘች። ይህች ትንኝ እንደ ቀድሞዎቹ ረግረግና ኩሬ አትጠብቅም፤ ሰው ውሃ ባጠራቀመበት በርሜልና ገንዳ ውስጥ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የወባ በሽታ ወባ በማይጠበቅበት በደረቁ ወራት ሲዛመት ምክንያቷ እርሷ መሆኗ በጥናት ተረጋግጧል። ከዚያም በፊት በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት ከ11 ሺህ በላይ፣ ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ቺኩንጉኒያ ከ40 ሺህ በላይ የከተማዋን ሰዎች አሟል። እነዚህንም በሽታዎች የምታዛምተው ትንኝ የምትፈለፈለው በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው።

ትንኟን ያመጣት የአየር ንብረት ለውጥ ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ መርከብና የንግድ መንገድም አሉበት። ሆኖም ሙቀት ለመራባቷ ሲመቻት፣ የውሃ እጥረት ደግሞ ማደሪያ ያዘጋጅላታል። ድሃው ለአንዱ ችግር ያበጀው ዘዴ ለሌላው ችግር በር የሚከፍትበት ሁኔታ እንዲህ ይፈጠራል። ፖሊሲ የሚያወጣ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ነው።

ከአደጋው በኋላ የተሠራውና የቀረው

ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ መንግሥት፣ የዕርዳታ ድርጅቶችና ሕዝቡ ራሱ ተረባርበዋል። ተፈናቃዮች በጊዜያዊ መጠለያ እንዲሰፍሩ ተደርጓል፤ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ በደቻቱ ዳርና ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ቆሟል። ይህ ሁሉ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ግንብ ሁለት ነገር ያደርጋል። ውሃን ያግዳል፤ ሰውንም ያዘናጋል። ግንቡን ያየ ሰው አደጋው ያለፈ መስሎት ወደ ወንዙ ይበልጥ ይጠጋል። ከደጋው የሚወርደው ደለል የወንዙን መውረጃ እየሞላ በሄደ መጠን ደግሞ ግንቡ ዝቅ እያለ እንደሄደ ይቆጠራል። ግንብ የሚሠራበት ገንዘብ በአደጋው ማግሥት ይገኛል፤ ደለል የሚጠረግበት ገንዘብ ግን አደጋው በተረሳ ዓመት ነው የሚፈለገው፤ በዚያን ጊዜም አይገኝም።

ስለ መልሶ ማስፈርም አገሪቱ በውድ ዋጋ የገዛችው ትምህርት አላት። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ተነሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ተደርጎ ነበር። ዝናብ ያለበት፣ ለም መሬት ያለበት ቦታ ተመርጧል። ነገር ግን ብዙው ሰፋሪ ሳይወድ ተወሰደ፤ ቤተሰብ ተለያየ፤ የደጋው ሰው ከማያውቀው ወባና ቆላ በሽታ ጋር ተፋጠጠ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙውም እግሩ እየደማ ወደ መጣበት ተመለሰ። መሬቱ ለም ቢሆንም ሰፋሪው የማያውቀው፣ ያልመረጠውና ዘመድ የሌለበት ነበር።

ያ ስሕተት በትንሹ በከተማም ሊደገም ይችላል። ከወንዝ ዳር ተነሥቶ ከከተማው ጠርዝ የሚሰፍር ቤተሰብ ጎርፍ ባያሰጋውም ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ እድርና እቁብ ከራቁት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አንድ ወር ይታገሣል፤ ሁለት ወር ይታገሣል፤ በሦስተኛው ቤቱን ለሌላ አከራይቶ ወደ አሸዋው ይመለሳል። ያን ጊዜ በየቢሮው «ሕዝቡ እምቢተኛ ነው» ይባላል። እምቢ ያለው ግን ሆዱ ነው።

የተለቀቀውም ቦታ ባዶ አይቀርም። የተነሡት ሰዎች ቢቆዩ እንኳ በሚቀጥለው ድርቅ ከገጠር የሚመጣው ሰው ይሰፍርበታል። የወንዝ ዳር መሬት ለሌላ አገልግሎት እስካልዋለና የሚጠብቀው እስካልተገኘ ድረስ ድሃውን ማንሣት ለሌላው ድሃ ቦታ መልቀቅ ብቻ ይሆናል።

የተጻፈው ፖሊሲና በወንዝ ዳር ያለው ሰው

አገሪቱ የፖሊሲ ድሃ አይደለችም። በ2004 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ይፋ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ ደግሞ የዕርዳታን ሥራ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሮጥ ሥጋትን አስቀድሞ ወደ መቀነስ እንዲሸጋገር አዘዘ። በ2011 ዓ.ም. ብሔራዊ የማጣጣሚያ ዕቅድ ቀረበ። በ2008 ዓ.ም. የተወጠነው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትም ድሬዳዋን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604 ሺህ ያህል ድሆችን ለመድረስ የታቀደ ሲሆን፣ በኋላም ወደ ሌሎች በርካታ ከተሞች ተስፋፍቷል። ችግረኛው በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በተፋሰስ ሥራ ተሠማርቶ ደመወዝ እንዲያገኝ ማድረጉ ብልህ አሠራር ነው፤ በአንድ ብር ሁለት ነገር ይገዛልና።

ክፍተቱ ያለው ወረቀቱ ከወንዝ ዳር በሚደርስበት መንገድ ላይ ነው። ተራራውን የሚመለከተው የግብርና መሥሪያ ቤት ነው። ወንዙን የሚመለከተው የውሃ መሥሪያ ቤት፣ ቤቱን የሚመለከተው ማዘጋጃ ቤት፣ ትንኟን የሚመለከተው ጤና ቢሮ፣ ተፈናቃዩን የሚመለከተው ደግሞ የአደጋ ሥጋት ኮሚሽን ነው። ጎርፉ ግን አንድ ነው፤ ከተራራው ተነሥቶ እስከ ሰውየው አልጋ ድረስ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይደርሳል።

ሊደረግ የሚገባው

ስለሆነም የሚከተሉት ነጥቦች በየደረጃው ላሉ ኃላፊዎች ትኩረት ቀርበዋል።

አንደኛ፤ የደቻቱ ጎርፍ መነሻው ደጋው በመሆኑ ሥራው ከዚያ ሊጀመር ይገባል። እርከን፣ የተራራ ጥበቃ፣ የጋቢዮን ክትርና የችግኝ ተከላ በከተማዋ በጀትም ጭምር ሊደገፍ ይገባል። የተፋሰሱ የላይኛው ክፍል የአስተዳደሩን ወሰን ተሻግሮ ከምሥራቅ ሐረርጌ ስለሚገባ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ዕቅድ ሊሠሩ ያስፈልጋል። በደጋ ያለ ገበሬ ቁልቁለቱን ሳያርስ ቢተው ከተማው ይተርፋል፤ ገበሬውም የተወው ጥቅም ሊካካስለት ይገባል።

ሁለተኛ፤ ማስጠንቀቂያ ከውሃው መቅደም አለበት። በደጋው ዝናብ የሚለካ ሰው ወይም መሣሪያ፣ በሌሊት የሚነሣ ስልክ፣ በየቀበሌው ተረኛ፣ በየሰፈሩም የሚሰማ ድምፅ ያስፈልጋል። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ የእድር ጡሩምባ ነፊም ለዚህ ያገለግላሉ። መልእክቱ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ሊነገር፣ ሕዝቡም በየትኛው መንገድ ወደ የትኛው ከፍታ እንደሚወጣ በቀን ተለማምዶ ሊያውቀው ይገባል። በዚያ ሌሊት ከጎርፉ ቀድሞ የደረሰ የአንድ ሰዓት ማስጠንቀቂያ ቢኖር ኖሮ ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር።

ሦስተኛ፤ ከአደጋ ቦታ የሚነሣ ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱለት ይገባል። ምን ሠርቶ ይበላል? በምን ተጓጉዞ ይሠራል? ከእነማን ጋር ይሰፍራል? ለእነዚህ መልስ የሌለው የመልሶ ማስፈር ዕቅድ ለፊርማ ሊቀርብ አይገባም። የገበያ ቦታ ከቤቱ ጋር አብሮ ሊታቀድ፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ሳይነጠል በእድሩ ሊሰፍር ይገባል።

አራተኛ፤ ተከራይ ሊዘነጋ አይገባም። በወንዝ ዳር የሚኖረው ብዙው ሰው የቤት ካርታ የለውም፤ የቀበሌ መታወቂያም የሌለው አለ። ምትክ ቤትና ካሣ በካርታ ብቻ ሲሰጥ ባለቤቱ ይካሣል፤ በጎርፍ የሚሞተው ተከራይ ግን ባዶ እጁን ይቀራል። በየቀበሌው ከክረምት በፊት የነዋሪው ሁሉ ስም፣ የሕፃናት፣ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ብዛት ሊመዘገብ ያስፈልጋል። እንዲህ ከሆነ የሴፍቲኔት ክፍያም አደጋ በደረሰ ሳምንት ውስጥ ሊደርስ ይችላል።

አምስተኛ፤ የውሃ ሥራና የጤና ሥራ አብረው ሊሄዱ ይገባል። ቧንቧው ዘወትር ቢፈስ ሰው በርሜል አይሞላም ነበር። እስከዚያው ግን በርሜል ክዳን ሊኖረው፣ በየሳምንቱም ተደፍቶ ሊታጠብ እንደሚገባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማስተማር ይኖርባቸዋል። ውሃ የጠማውን ሰው በርሜሉን ድፋ ብሎ ማዘዝ ብቻ ግን ሰሚ አያገኝም።

ስድስተኛ፤ የጥገና በጀት እንደ ግንባታ በጀት ሊከበር ይገባል። ቦይ ከክረምት በፊት ሊጠረግ፣ የወንዙ ደለል ሊነሣ፣ የግንቡ ስንጥቅ ሊደፈን ያስፈልጋል። በቦይ ውስጥ የሚጣለው ፌስታልና ቆሻሻ ጎርፍን ወደ ድሃው ቤት የሚመራ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፤

በሙቀት መጨመር የኢትዮጵያ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። በመሆኑም የበለጸጉት አገሮች ለማጣጣሚያ የሚሆነውን ገንዘብ እንዲያዋጡ መጠየቅ ልመና ሳይሆን መብት ነው። በ2015 ዓ.ም. በሻርም ኤል ሼክ የዓለም ጉባኤ ለጉዳትና ኪሣራ የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም መወሰኑ የዚህ ክርክር ፍሬ ነው። ሆኖም የውጭ ገንዘብ እስኪመጣ ደቻቱ አይጠብቅም። ቦይ ለመጥረግ፣ ነዋሪን ለመመዝገብ፣ የእድር ዳኞችን ሰብስቦ መሸሻ መንገድ ለማሳየት የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ኃላፊነትን በጊዜው መወጣት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዕርዳታ ሠራተኛ ትልቁ ሥራ ሬሳ ከመቁጠርና ድንኳን ከመትከል በፊት ያለው ሥራ ነው። ይህ ሥራ ፎቶግራፍ የለውም፤ ያልሞተ ሰው በሪፖርት ላይ አይቆጠርም። ነገር ግን ክረምት በገባ ቁጥር፣ ደጋው ላይ ደመና በከበደ ቁጥር፣ በወንዙ ዳር ልጆቿን አስተኝታ ጆሮዋን የምትጥል እናት አለች። የፖሊሲ ሁሉ መለኪያ እርሷ በዚያ ሌሊት ያለ ሥጋት መተኛቷ፣ ሲነጋም ወደ ገበያዋ መውረድ መቻሏ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተሟላ ሥራው ተሠራ ሊባል አይችልም።